ጋሽ መኮንን ብቅ ሲሉ የሚጠፋው ሞተር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። ትልቅ ጉዳይ አይመስልም፤ እኔ ግን የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። አንድ የሳር ማጨጃ ማሽን ደግ ጎረቤታችንን ሊያሳጣን ነበር ብል ማን ያምነኛል?

የምንኖረው ሀዋሳ፣ ወደ ቱላ መውጫ ነው። የታናሽ እህቴ መልስ እኛ ግቢ እንዲሆን ስለተወሰነ፣ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት ሳሩ መታጨድ ነበረበት። ዝናቡ ደግሞ ሳሩን እስከ ጉልበት አድርሶታል። ባለቤቴ ታምራት ያገለገለ፣ እየገፉ የሚያጭዱበት ማሽን ከአንድ ወዳጁ ይዞ መጣ።

ገና ከመጀመሩ ጉድ አየን። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሳሩ ግን ይተኛል እንጂ አይቆረጥም። እኔ ደግሞ ያልገባኝ ነገር ካለ ዕረፍት የለኝም። ሞተሩን አስጠፋሁ፣ የካንዴላውን ገመድ አስነቀልኩ፣ ማሽኑን በጎኑ አስተኝተን ከሥሩ አየሁ። ለካ ታምራት ቢላዋውን አስሞርዶ ሲመልስ ገልብጦ ነው ያሰረው!

"አንተ፣ በደንደሱ ልታጭድ ነው እንዴ?" ብዬ ሳቅኩበት። እያጉረመረመ አስተካከለው። ከዚያማ ሳሩን እንደ ምላጭ ይላጨው ጀመር።

ደስታችን ግን አልቆየም። ጥቂት እንደሄደ ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። ታምራት ቤንዚን አልቆ ይሆናል ብሎ መያዣውን ከፍቶ አየ፤ ቤንዚን አለ። ዘጋውና ገመዱን ሳበ፣ ተነሳ። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ጠፋ።

ጋሽ መኮንን የአጥር ጎረቤታችን ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ሞተሩ ሲነሳ ሲሰሙ ከዘራቸውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ ወደ አጥሩ ይመጡና "በርቱ! በርቱ!" ይሉናል። እሳቸው አጥሩ ጋ ሲደርሱ ታዲያ ሞተሩ ድርግም! አንድ ጊዜ ቢሆን ማን ልብ ይለዋል? ደጋገመው እንጂ።

ለመልሱ ዝግጅት እኛ ጋ የሰነበተችው አክስቴ፣ እቴቴ፣ ልብ አለችው።

"ዓይን ነው" አለች። "እኚህ ሰውዬ ዓይናቸው ይከብዳል። እሳቸው ብቅ ሲሉ አይደል እንዴ የሚጠፋው?"

"እቴቴ፣ በማርያም! ብረት በዓይን ይበላል?"

"ሳቂ አንቺ! ለሙሽራዋ እንዳይተርፍ ነው የምፈራው። እሳቸው ለመልሱ ባይጠሩ ይሻላል።"

ብላም አልቀረች፣ ማሽኑን ጠበል ረጨችው። እቴቴ ቀስ ብላ መናገር አታውቅም፤ አጥራችን ደግሞ ቆርቆሮ ነው። በማግስቱ ሞተሩ ሲነሳ ጋሽ መኮንን አልመጡም። ሞተሩ ግን ጠፋ።

"ይኸው!" አልኳት። "ዛሬስ ማን አየው?"

"በቀዳዳ አይተው ይሆናል" አለችኝ።

ይህን ሰምቼ መተው አልቻልኩም። ምክንያቱ ካልተገኘ ጋሽ መኮንን ለመልሱ ላይጠሩ ነው፤ ወሬው ደግሞ ከእኛ ግቢ ወጥቶ ሰፈሩን ሊያዳርስ ነው። ታምራት ካንዴላውን ቀየረ፣ የአየር ማጣሪያውን አራገፈ፣ ከማሽኑ ሆድ ሥር የተጠቀጠቀውን እርጥብ ሳር ጠረገ። ቤንዚኑንም ደፍቶ አዲስ ቀዳ። ወይ ፍንክች!

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ቤንዚን አለ የለም ብለን መያዣውን ከፍተን ስንዘጋው ሁልጊዜ ይነሳል። ሳንከፍተው ገመዱን ብንስብ ግን እምቢ ይላል። መከፈቱ ምን ይጠቅመዋል?

ማሽኑ ሲመጣ የቤንዚኑ ክዳን ጠፍቶ ነበር። ታምራት አፉን በፌስታል ሸፍኖ በጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠፍንጎ አስሮታል። እኛ አገር በከመነዳሪ የማይታሰር ምን አለ? ሞተሩ እንደገና ሲጠፋ "እንዳትነካው!" ብዬ ጮኽኩና ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፌስታሉ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ትንሽ እስኪበርድ ጠብቀን ከመነዳሪውን ሳላላው "ፍስስ" ብሎ አየር ሳበ።

የዘይት ጀሪካን ትዝ አለኝ። አንድ ቦታ ብቻ ብንበሳው ዘይቱ አልወርድም ይላል፤ ለአየር ሌላ ቀዳዳ እንበሳለታለን። የማሽናችን ቤንዚንም አየር ስላጣ ነው የማይወርደው! ታምራት እያፈረ ከገበያ ትክክለኛውን ክዳን ፈልጎ አመጣ። ለካ ክዳኑ የራሱ ትንሽ የአየር መግቢያ አለው። ሞተሩ ግቢው ታጭዶ እስኪያልቅ አንዴም አልጠፋ።

የጋሽ መኮንን ነገርም ያኔ ተገለጠልኝ። ከበራቸው ተነስተው አጥሩ ጋ እስኪደርሱ በፌስታሉ የታፈነው ቤንዚን አየር ያጣል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ግን "በርቱ!" የሚለን አልነበረም። ቤታቸው ሄድኩ። በር ዘግተው ተቀምጠዋል።

"ጋሽዬ፣ ሞተሩ እኮ ዳነ! ምነው ቀሩ?"

"ሰማሁት የኔ ልጅ። እንዳይጠፋባችሁ ብዬ ነው።"

ክው አልኩ። የፌስታሉን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። "እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ። "እኔ እኮ እንዲህ ዓይነት ሰው ሆኜ፣ ሳላውቀው ኖሬ ይሆን እያልኩ ነው የሰነበትኩት። ትንሿን ልጅሽን እንኳ በረንዳ ላይ ስትድህ ካየኋት ፊቴን አዞራለሁ። ክፉ እንዳይነካት ብዬ።"

እንባዬ መጣ። እጃቸውን ይዤ ግቢያችን አስገባኋቸው። ታምራት ሞተሩን አስነሳ። እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

"ቀና ይበሉና ይዩት እንጂ!" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩት። አየነው ሁላችንም። ሞተሩ እንደሆነ ይጮኻል። ታምራት ካጠፋው በኋላ እቴቴ እያየች ልጄን አምጥቼ አስታቀፍኳቸው። እቴቴ ወንበር አመጣችላቸው።

መልሱ እሳቸው ባሉበት ደመቀ። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል። አንድ ነገር ግን ዛሬም ያሳዝነኛል። ጋሽ መኮንን ልጄ እጇን ስትዘረጋላቸው ወዲያው አያነሷትም፤ ልያዛት ወይ እንደማለት መጀመሪያ እኔን ያዩኛል። እኔም በመጡ ቁጥር "ይያዟት እንጂ ጋሽዬ" እላቸዋለሁ።