በየጠዋቱ የሚቆለፈው አካውንት

ደብረ ታቦር በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በምሠራበት ኮሌጅ የተማሪዎች ውጤት የሚቀመጥበትን ሰርቨር የምጠብቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሬጅስትራር ቢሮ ደግሞ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው አንዲት ሴት ነበሩ። በየጠዋቱ ይደውሉልኛል።

«ልጄ፣ ዛሬም ኮምፒውተሩ ‹አካውንትዎ ተቆልፏል› ብሎኛል።»

«የይለፍ ቃሉን ተሳስተው ይሆናል» እልና እከፍትላቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ኮምፒውተር የከበዳቸው መስሎኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ግን ከጉና ተራራ የሚወርደውን ብርድ በነጠላቸው ተከልለው ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«ከዓርብ ጀምሮ እብናት ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ኮምፒውተሩን ማንም አልነካውም። ዛሬ ስገባ ግን ተቆልፎ ጠበቀኝ። እኔ ካልተሳሳትኩ ማን ተሳሳተ?»

የሰርቨሩን የመግቢያ መዝገብ ከፈትኩ። የከሸፈ ሙከራ፣ የከሸፈ ሙከራ፣ ማለቂያ የለውም። የሆነ ፕሮግራም በእሳቸው ስም የይለፍ ቃል እየገመተ ከሩቅ ሊገባ ይሞክራል፤ ደጋግሞ ሲሳሳት ነው አካውንታቸው የሚቆለፈው። አሁን ደግሞ ወደ እኔና ወደ ሌሎቹም ስም ተሻግሯል። ለሙከራ ከፍቼ የረሳሁት፣ የይለፍ ቃሉ ለመገመት የማይከብድ አንድ አካውንት ነበረኝ። እሱ ላይ ገና አልደረሰም።

«ልክ ነበሩ» አልኳቸው። «ሰው በእርስዎ ስም ሊገባ እየሞከረ ነው። ስንት ጊዜ ነገሩኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እሱን በኋላ። አሁን ዝጋው።»

አጠገቤ ተቀመጡ። የረሳሁትን አካውንት አጠፋሁ። ከግቢው ውጭ በይለፍ ቃል መግባትን ከለከልኩ፤ ደጋግሞ የሚሳሳት አድራሻም ወዲያው እንዲታገድ አደረግሁ። ሙከራው ቀጥ አለ። ከዚያ እሳቸው ያስቀመጧቸውን የውጤት ወረቀቶች አመጡና አብረን ከሰርቨሩ ጋር አመሳከርን። ሦስት ቀን ፈጀብን። አንድም ውጤት አልተነካም።

ለኮሌጁ ዲን የሆነውን ልናገር ስሄድ ሳልጠይቃቸው አብረውኝ ገቡ። ስጨርስ፣ «ጥፋቱን ሳይደብቅ ነው የመጣው፤ ደግሞም ሥራው ለብቻው በዝቶበታል» አሉ። ዲኑ ገሠጸኝ። በወሩ ግን አንድ ባለሙያ ጨመረልኝ።

አሁን ጡረታ ወጥተው አንበሳሜ ይኖራሉ። ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ሄጄ እንደገና አመሰገንኳቸው።

«እኔ እኮ ሥራዬን ልሥራ ብዬ ነው የጨቀጨቅሁህ» አሉኝና የዶሮ ወጡን ሰሐን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።