የጁምዓ አደራ

ባለፈው ወር መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ስራ ለመጀመር የተዘጋጁ ወጣቶችን በአንድ አዳራሽ ሰብስበው ንግግር አድርጊ አሉኝ። የተሰጠኝ ርዕስ «በአንድ ቤት አብሮ መስራት ለጀማሪዎች ያለው ጥቅም» የሚል ነው። ደሴ ላይ የልብስ ስፌት ቤት ከከፈትኩ ቆይቻለሁ፤ ንግግር ግን አልወድም። ቢሆንም የመጀመሪያ መቀሴን የያዝኩበት ከተማ ነውና እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ጥቅሙን እንደማውቀው ተናገርኩ፤ አጨበጨቡልኝ። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ ተነሳችና፣ «ሰው ሁልጊዜ አይስማማም፤ በመካከል ግድግዳ ቢኖር አይሻልም?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ግድግዳው ይኑር፤ ግን መስኮት ይኑረው። መስኮቱም መቀርቀሪያ አይኑረው» አልኳት። ምሳሌ የተናገርኩ መስሏቸው ሳቁ። ምሳሌ አልነበረም። የቀረውን እዚያ ቆሜ ልናገረው አልቻልኩም፤ እዚህ እጽፈዋለሁ።

እኔ ስራ በጀመርኩበት ዘመን ትልቁ ቃል «ተደራጁ» ነበር። በሬዲዮ ተደራጁ፣ በቀበሌ ስብሰባ ተደራጁ፣ ለቅሶ ቤት እንኳ ሄዶ ተደራጁ የሚል አይጠፋም። የስፌት ስልጠና ጨርሼ፣ የምስክር ወረቀቴን እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። ከዚያ ተራዬ ደርሶ፣ ከማላውቃቸው ሁለት ሰዎች ጋር አንድ ሼድ ተሰጠን። ዙሪያውን ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ አንድ ሰፊ በር፣ አንድ የመብራት መስመር። ማለዳ ማለዳ ጉሙ በበሩ ገብቶ መቀሱን በእጅ የማይያዝ ያደርገዋል።

አንደኛው ባለድርሻ በያጅ ነው፤ ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት የሚሆነው፣ ቀልደኛ ወጣት። ስራው ብልጭታ ስላለው አብዛኛውን ጊዜ ደጅ፣ ከበረንዳው ስር ነው የሚሰራው። ሌላው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው አናጺ ናቸው። «ጋሼ» ነበር የምላቸው። ቁርዓን ከሚያቀሩ ቤተሰብ ተወልደው ትምህርቱን ሳይገፉበት ወደ እንጨት የሄዱ ሰው ናቸው። ሰው ሲጠይቃቸው፣ «ኪታቡ ለወንድሞቼ ደረሰ፤ ለኔ ሉሁ ደረሰኝ» ይላሉ። ሉህ የቁርዓን ተማሪዎች የሚጽፉበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ከአልጋና ከቁምሳጥን ስራቸው መሀል ምንጊዜም አንድ ሁለት ሉህ ጀምረው አይታጡም፤ ከሁሉም በላይ የሚያለሰልሱትም እሱን ነው።

እኔ እልኸኛ ነኝ፤ ሰው ሳያየኝ በፊት ድንበሬን ማስከበር እወዳለሁ። በመጀመሪያው ቀን ጠመኔ ይዤ ወለሉን ሶስት ቦታ ከፈልኩት። በያጁ፣ «እኔ ደጅ ነኝ፤ የኔን ለበጎች ስጫቸው» ብሎ ሳቀብኝ። በሳምንቱ ጠመኔው በእግር ተረግጦ ጠፋ፤ እኔም ደግሜ አላሰመርኩትም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድም ደንበኛ አልመጣልኝም። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ዘግቼ ወደ እናቴ ቤት እመለስ ነበር፤ ይህን ሳላጋንን ነው የምለው። ሰው ግን ሌላው ሲሰራ እያየ እጁን አጣጥፎ ለመቀመጥ ያፍራል። ጋሼ አንድ ቀን መላጊያቸውን አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ አሮጌ ቀሚስ የለሽም?» አሉኝ። አለኝ አልኳቸው። «እሱን ፍቺውና እንደገና ስፊው። ደንበኛ ሲገባ እጅሽ ስራ ላይ ይገኝ። አብሽሪ፣ ሪዝቅ፣ የሰው እንጀራ፣ መንገድ አያጣም።» አንዱን ቀሚስ አራት ጊዜ ፈታሁት፣ አራት ጊዜ ሰፋሁት። አምስተኛውን ሳልጀምር የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ገባች።

እሷም ብትሆን የኔ ደንበኛ አልነበረችም። ለልጇ ሰርግ አልጋ ልታዝ ወደ ጋሼ የመጣች እናት ናት። ጋሼ የአልጋውን ቁመት ለክተው ሲጨርሱ፣ «የአልጋ ልብሱንስ ማን ይስፋው? መጋረጃውንስ?» አሉና በአገጫቸው ወደኔ ጠቆሙ። ከዚያ በኋላ በዚያ ሼድ አልጋ ያዘዘ ሰው መጋረጃ ሳያዝ የወጣበትን ጊዜ አላስታውስም። የስፌት መኪናዬ መርገጫ ሲሰበር በያጁ ቁርሱን ሳይጨርስ በየደልኝ። የማልችለውን ስራ እችላለሁ ብዬ ልቀበል ስል ጋሼ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ነበር፤ ያን ድምጽ ስሰማ ለደንበኛዋ አልችልም እላለሁ። ሶስታችን የምንለካበት ሜትር እንኳ አንድ ነበር።

ከሁሉም የማልረሳው የበዓላቱን ነገር ነው። እኔ በሚካኤልና በማርያም መኪናዬን አልነካም። በነዚያ ቀናት ጋሼ ደንበኞቼን ተቀብለው፣ ጨርቁን አስቀምጠው፣ ቀጠሮ ይሰጡልኛል። በጁምዓ ደግሞ የሳቸውን ደንበኞች የምቀበለው እኔ ነኝ። ወደ መስጊድ ሊሄዱ ሲሉ ጠረጴዛዬ ፊት ይቆሙና በጣታቸው ሁለት ጊዜ ቆርቆር አድርገው፣ «ሰላት ደርሼ ልምጣ፤ ቤቱን አደራ» ይላሉ። እኔም ከስራዬ ቀና ሳልል፣ «ይሂዱ፤ አለሁ» እላለሁ። በየሳምንቱ ይኸው ነው። ሼዳችን ለሁለቱም በዓል ሳይዘጋ ይውላል።

በሁለተኛው ዓመት፣ ጥምቀት ሊደርስ ሲል፣ የመጀመሪያው ትልቅ ስራ መጣልኝ፤ የሰንበት ተማሪዎች ነጭ ልብስ። ከደስታ ብዛት እንቅልፍ አጣሁ። ጠረጴዛዬ ስለጠበበኝ አንድ ጁምዓ ጋሼ ሰላት ሲሄዱ፣ የተሰፉትን ልብሶች ሳላስፈቅድ የሳቸው የስራ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። ከልብሱ ስር የቫርኒሽ ጣሳ መኖሩን አላየሁም። ጋሼ ከመስጊድ ተመልሰው ነጩን ልብስ ሲያዩ፣ እንዳይቆሽሽ ብለው ቀስ አድርገው ሊያነሱት ሳብ አደረጉት። ጣሳው ተገለበጠ፤ ሶስት ልብስ ተበላሸ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ያፈሰስኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ይህን የሚነግረኝ ሰው አልፈለግሁም። አባቴን የሚያህሉትን ሰው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንቱ ስላቸው የኖርኩትን፣ «አይንህ አያይም?» አልኳቸው። በያጁ በሩ ላይ እንደቆመ ደነገጠ። እኔ ግን አላቆምኩም፤ ከእንግዲህ በመካከላችን ግድግዳ ካልተሰራ አብሬ አልሰራም አልኩ።

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ቆዩና፣ «ኸይር ነው። ቁጣሽ ይብረድ እንጂ ያልሽው ይሆናል» አሉ።

በራሳቸው ጣውላ፣ በሁለት ቀን ሰሩት። በያጁም ቆርቆሮውን ቆርጦ ለኔ ሌላ በር አወጣልኝ። ግድግዳው በጣውላና በጣውላ መካከል ብርሃን እንኳ አያሳልፍም፤ አንድም ሚስማር አናቱ ወጥቶ አይታይም። ከተቀመጥኩበት ትይዩ፣ የተዘረጋ ደብተር የሚያህል ባለመዝጊያ መስኮት አበጁለት። «ሜትራችን አንድ ነው፤ በዚህ እንቀባበላለን» አሉ። እኔ ያኑ ዕለት መስኮቱን ቀረቀርኩና ገበያ ወጥቼ የራሴን ሜትር ገዛሁ።

አራት ወር እንዲህ ኖርን። ልብሴ አቧራ አይነካውም፤ ሰላም አገኘሁ ብዬ ለሰው አወራለሁ። እውነቱን ለመናገር ቀኑ አልመሽልኝ ብሎ ነበር። መጋረጃ የሚያዝ ሰው ቀነሰ። በጁምዓ የጋሼ ደንበኞች በተዘጋ በር ፊት ቆመው ሲመለሱ በሬ ላይ ሆኜ እያየሁ ዝም እላለሁ። በያጁ ሊያስታርቀን ብዙ ደከመ፤ ቀልዱም እያለቀ ሄደ። ይቅርታ ልጠይቅ እያልኩ ስንት ማለዳ ተነሳሁ። ደግሞ እሳቸው ይጀምሩ እላለሁ። ምኑን እንደሚጀምሩት አላውቅም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ዓመት ፋሲካ ሲቃረብ፣ አንድ ጁምዓ፣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። በያጁ የግቢ በር ሊተክል አጅባር ሄዷል። ከግድግዳው ማዶ የመላጊያው ድምጽ ይሰማኝ ነበር፤ ቀትር ሊሆን ሲል ቆመ። ትንሽ ቆይቶ መስኮቱ ሁለት ጊዜ ተቆረቆረ። ቀስ ያለ ነበር፤ እንደ ድሮው ጠረጴዛዬን እንደሚቆረቁሩት።

ሰላት ሊሄዱ ነው፣ አደራ ሊሉኝ ነው፣ ታረቁኝ አልኩ በልቤ። ተነስቼ መቀርቀሪያውን መሳብ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አንድ እርምጃ አይሆንም። ግን ፊቴን እንዲያዩት አልፈለግሁም፤ አፍሬ ነበር፣ ኮርቼም ነበር። እንደተቀመጥኩ ድምጼን ከፍ አድርጌ፣ «ይሂዱ፤ አለሁ» አልኩ። መልስ አልመጣም። ሄዱ ብዬ መኪናዬን መርገጥ ቀጠልኩ። ያን ሰዓት ደስተኛ ነበርኩ፤ ሲመለሱ ሻይ ላስመጣላቸው ሁሉ አስቤ ነበር።

ጁምዓ ተሰግዶ ካበቃ በኋላ የመስጊድ ጓደኛቸው በሬ ላይ ቆሙ። «አሰላሙ አለይኩም። ወንድሜ ዛሬ ለጁምዓ አልመጣም፤ ደህና ነው?» አሉኝ። ዞሬ ሮጥኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጋሼ ከመስኮቱ ስር፣ በእንጨቱ ፍቅፋቂ ላይ በቀኝ ጎናቸው ተኝተዋል። አይናቸው ተከፍቷል፤ አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል፤ ግራ እጃቸው ግድግዳው ላይ ነው። ከመላጊያው ጠረጴዛ እስከ መስኮቱ ድረስ ፍቅፋቂው ተጠርጎ ነበር። ተጎትተው ነው የደረሱት። መስኮቱን ቀና ብዬ አየሁት። በሳቸው በኩል መቀርቀሪያ የለውም። ሲሰሩት መክፈቱንም መዝጋቱንም ለኔ ትተውልኝ ነበር።

ከመስጊድ የሚመለሱ ሰዎች በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው፤ ከዚያ ወደ ደሴ ተላኩ። ደሴ ያያቸው ሐኪም «ትንሽ ቀደም ብለው ቢደርሱ» አለና አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እኔ እስከ ዛሬ እጨርሰዋለሁ።

ከሶስት ወር በኋላ በከዘራ እየተደገፉ ወደ ሼዱ መጡ። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ጎናቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ንግግራቸው ዘግይቷል። እኔና በያጁ ግድግዳውን ልናፈርሰው መዶሻ ይዘን ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ጋሼ ከዘራቸውን አንስተው ከለከሉን።

«ተዪው» አሉኝ። «የሰራሁት ሁሉ ተሸጧል። አልጋውም፣ ቁምሳጥኑም በየሰው ቤት ነው። በሁለት እጄ ከሰራሁት አይኔ ስር የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።»

ግድግዳው ቀረ። እኔ መቀርቀሪያውን ነቅዬ ጣልኩት። ጋሼ በየቀኑ እየመጡ በመስኮቱ ማዶ ይቀመጡ ነበር። በያጁ ብረቱን ትቶ ሉህ መላግ ከሳቸው ተማረ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እሱ ይልጋል፤ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እንደገና ይጀምራል።

ወደ ሼዱ ከተመለሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ጁምዓ ቀን፣ መስኮቱ ሁለት ጊዜ ተቆረቆረ። በግራ እጃቸው ነበር። ቀና ስል ጋሼ ቆመዋል፤ «ሰላት ደርሼ ልምጣ፤ አደራ» አሉኝ። ተነስቼ በሳቸው በር ገባሁና እግራቸው ስር ተቀመጥኩ። ያን ዕለት ማንኳኳታቸውን ሰምቼ እንደነበር፣ መነሳት እየቻልኩ እንዳልተነሳሁ፣ ያስቀረኝም ኩራቴ እንደሆነ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል፣ ወይም እንደ ልማዳቸው ኸይር ነው ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ቃሉ ለመውጣት ያስቸግራቸው ነበርና ጠበቅኋቸው።

«አውቃለሁ፤ ‹ይሂዱ፤ አለሁ› ስትዪ ሰምቼሻለሁ» አሉ። «አራት ወር ነበር ድምጽሽን ካጣሁት። እዚያው እንደተኛሁ፣ ወላሂ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። እኔም ጠረጴዛዬ ላይ ጨርቁ እንደተዘረጋ ትቼ፣ በቀኝ ክንዳቸው ደግፌ እስከ መስጊዱ በር ሸኘኋቸው።