የረጋ ነገር ተከለከልኩ

በልጅነቴ እናቴ ከጠዋት እስከ ማታ የምትጮኽብኝ አንድ ቃል ነበር፦ «እርጋ!» ደሴ ውስጥ ይህን ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም፤ ነፋሱ ከቀና ኮምቦልቻም ይሰማል። እኔ ግን ሳልረጋ ጎለመስኩ፣ ሳልረጋ መቀሌ ገባሁ፣ ሳልረጋ ወደ ሃምሳ ተጠጋሁ። ከዚያ አንዲት ልጄን የምታህል ሐኪም የደም ምርመራዬን አየችና «ጋሼ፣ የረጋ ነገር ይተዉ» አለችኝ።

«የረጋ ምን?»

«የረጋ ዘይት። ፈሳሹን ፋብሪካ ውስጥ እንደ ቅቤ አርግተው የሚሸጡት አለ አይደል? እሱ ውስጥ ያለው ትራንስ ፋት ይባላል፤ ለልብዎ ጠላት ነው። በሱ የተጠበሰ ነገርም ይቅርብዎ።»

«ትራንስፖርት ከሆነ ችግር የለም፤ በእግሬ እሄዳለሁ።»

አልሳቀችም። «በእግርዎም ይሂዱ» አለችና እሱንም ጻፈችው። ቀልዴ መድኃኒት ሆኖ ሲታዘዝልኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ምን እንደከለከለችኝ ግን አላወቀችም። ባለቤቴ ልጃችንን ልታርስ አዲስ አበባ እንደሄደች ቀርታለች። የሕፃኑ ጥርስ በቅሎ አልቋል፤ እሷ ግን ጢሙን ሳታይ የምትመለስ አትመስልም። እኔ መቀሌ ሮማናት አደባባይ አጠገብ የላስቲክ ጫማ እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ የማወራው ቁጥር ነው፦ «አርባ ሁለት አለ?» «የለም።» ይህ ወሬ ከተባለ።

አመሻሽ ላይ ሠፈሬ ሓድነት ከሚኒባስ ስወርድ፣ አንዲት ሴት በራፏ ላይ በረጋ ዘይት ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ከጎኗ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ የሚቀመጥበት የገዛ ሰው ብቻ ነው። ሁለት ሳምቡሳ እገዛና ፀሐይ እስክትጠልቅ እንደ ጥርስ አልባ ሽማግሌ ሳላምጥ እቆያለሁ።

«ሓፍተይ» እላታለሁ፣ እህቴ ለማለት፤ «ይሄ ዘይት ጡረታ አልወጣም እንዴ? እኔ ስመጣ የነበረው እኮ ነው!»

«ኣታ ወዲ ወሎ! አንተ ጡረታ ስትወጣ ተያይዛችሁ ትወጣላችሁ!»

ወዲ ወሎ ማለት የወሎ ልጅ ማለት ነው፤ በዚያ አግዳሚ ላይ ሌላ ስም የለኝም። እውነቱን ለመናገር ራቴ ሳምቡሳው አልነበረም፤ ስድቧ ነበር።

የሆነ ሆኖ ሐኪሟን ፈራሁ። ቤት ያለውን ነጩን የረጋ ዘይት ከነጣሳው ጣልኩና የሰሊጥ ዘይት ገዛሁ። ምስር ሠራሁ። ለአንድ ሰው የሚበቃ ትንሽ ድስት በዓለም ላይ እንዳልተሠራ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ ምስሩ ከታች ተኝቶ እኔን ከላይ ያየኛል። ራዲዮ ከፈትኩ። ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል «አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?» አልኩት። ወላሂ፣ መልሱን ጠበቅሁ።

በሳምቡሳ ጠባሿ በራፍ ማለፍ ተውኩ። ሽታው ኮሌታዬን ይዞ ስለሚጎትተኝ በመንገዱ ማዶ፣ በሚኒባሶቹ ጀርባ፣ እንደ ሌባ እየተሽሎከሎክሁ ቤቴ እገባ ጀመር። አንድ ማታ ግን የተሸሸግሁበት ሚኒባስ ድንገት ተነሣና ሜዳ ላይ ጥሎኝ ሄደ።

«ወዲ ወሎ! ሌላ ጠባሽ ለመድክ እንዴ?»

ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፤ ከከተማው ውጪ ቁሓ አየር ማረፊያ ያሉትም የዞሩ መሰለኝ። ተሻገርኩ። አፌ ላይ መዓት ቀልድ ነበረኝ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሐኪም ከለከለችኝ። የረጋ ዘይት ለልብህ ጠላት ነው አለችኝ። ካልገዛሁ ደግሞ ... አግዳሚው ...»

መጥበሻዋን አየች። ጭልፋዋን አስቀመጠች። እንጀራዋን የሰደብኩባት መስሎኝ ደነገጥኩ።

«እዋይ!» አለች። «ታዲያ አግዳሚው ይጠበሳል እንዴ? ተቀመጥ!»

ዘይቷን አልቀየረችም። በፈሳሹ ስትጠብሰው ሳምቡሳው እስከ ማታ ተንኮሻኩሾ አይቆይም አለችኝ፤ አልተከራከርኳትም። እኔ የሽምብራ ቆሎ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ። «በቅሎው መጣ!» ትላለች፣ ስቆረጥም ስትሰማ። አግዳሚው በገዢ ሲሞላ ግን ማንም ሳይለኝ እነሣለሁ። ደግሞም ቶሎ ይሞላል።

ባለቤቴ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን በላህ?»

ድሮ በስልክ በሬ እጥል ነበር። ዱለት ነው፣ ጥብስ ነው፣ ጎረቤቱን ጠርቼ የተረፈውን ለሠፈር ውሻ በትኜ ... እሷም ትስቃለች። አንድ ዓርብ ግን ባዶው ድስት ፊት ለፊቴ ነበርና መዋሸት ሰለቸኝ።

«ቆሎ።»

«ከማን ጋር?»

«ወትሮ ከአንድ አግዳሚ ጋር። ዛሬ ሰው በዛና እሱም ቀረብኝ። ቤቱ ዝም ብሏል፤ ነይ እንጂ።»

«እህ ...» አለች። የሰማችኝ መሰለኝ። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፤ ስልኩን ከአፏ አርቃ ለልጃችን ስትነግራት ይሰማኛል።

«ከአግዳሚ ጋር በላሁ ይለኛል! ይሄ ሰውዬ መቼም አይረጋ!»

እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ብቻዋን ትሳቅ?