የእቴቴ ወለላ እባጭ

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን ቡታጅራ ላይ በሰፈረበት ዘመን፣ የአባቴ እህት እቴቴ ወለላ እኛ ቤት ትኖር ነበር። ባሏ ሞቶባት ከሩቅ አገር የመጣች ናት ብለው ነበር የነገሩን። ያኔ፣ መሸት ሲል ምድጃው ዳር ሰብስባን ስለ ጅብና ስለ ጦጣ ስትተርትልን፣ የፍሙ ብርሃን ግራ ጉንጯ ላይ ያለችውን ባቄላ የምታህል እባጭ ያቀላታል። እባጯ አትፈርጥም፣ አትጠፋም። ቅቤ ብትቀባት፣ ቅጠል ቀጥቅጣ ብትለጥፍባት ንቅንቅ አላለችም። አንድ ሰሞን ግን እስከ ዓይኗ ሥር አበጠችና እቴቴ ተረቱን መሃል ላይ እያቋረጠች ጉንጯን ይዛ ዝም ትል ጀመር።

አንጀቴን በላችው። ጎረቤታችን ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነበርና ማንንም ሳላማክር ሄጄ ነገርኩት።

«ነገ ጠዋት ራሴ መጥቼ ሐኪሙ ዘንድ እወስዳቸዋለሁ፤ ከፍቶ ያወጣላቸዋል» አለኝ።

እየሮጥኩ ተመልሼ አበሰርኳት። የምትስመኝ መስሎኝ ነበር፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ አባቴ ዞራ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ይውጣልኝ» አለች።

አባቴ በሩን ዘግቶ ምላጩን በኩራዙ ነበልባል ለበለበው። እናቴ ራሷን ደግፋ ያዘችላትና አባቴ ጉንጯን ቀደደው። እቴቴ ነጠላዋን ነክሳ ድምፅ አላሰማችም። ከመግሉ ጋር አንዲት ጥቁር ነገር ወጥታ ጣሳ ውስጥ ቃጭ ብላ ወደቀች። ጎንበስ ብዬ ባይ ብረት ናት። ከሰው ፊት ብረት!

«ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ እቴቴ፣ ደሟን በጨርቅ ይዛ። ስንቅ ተሸክማ ከባሏ ጋር ወደ ሰሜን ዘምታ እንደነበር፣ አውሮፕላን በጣለው ቦምብ ፍንጣሪ እንደተመታች ነገረችኝ። ባሏም አልሞተም፤ ዱር ገብቶ ይዋጋል፣ ጣሊያኖቹም ይፈልጉታል። ሐኪሙ ያንን ብረት ቢያገኝ ኖሮ ከየት እንዳመጣችው መጠየቁ አይቀርም ነበር።

በማግስቱ አስተርጓሚው መጣ።

«እትዬ ወለላ፣ ምን ሆኑ?»

«ራሱ ፈረጠልኝ፤ እባጭ አይደል?»

ወደ እኔ ዞረ። «እውነታቸውን ነው?»

«አዎ፤ መግል ብቻ ነው የወጣው» አልኩ።

ትክ ብሎ አየኝ፤ ከዚያ «እግዜር ይማርዎት» ብሎ ሄደ። ያውቅ ይሆን? ዛሬም አላውቅም።

ነፃነት ሲመጣ ባሏ ከዱር ወጥቶ ወሰዳት። ምን እንዳደረግኩባት አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔ ግን ይኸው አርጅቼም፣ ከመውደዴ የተነሳ ላስገድላት እንደነበር ትዝ ባለኝ ቁጥር ሰውነቴ ይቀዘቅዛል።