የሁለት ሰው ጥላ

ግንቦት አሥራ ሁለት ይመስለኛል፤ ወይስ ሰኔ ገብቶ ነበር? በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ እጅጌው የተጠቀለለ የወንድ ኮት የለበሰች ባለሙያ ኮምፒውተሯ ላይ ባለ፣ ከሳተላይት በተነሣ ካርታ ላይ ለሰፈራችን መናፈሻ ቦታ ስትመርጥ እኛ ነዋሪዎቹ እናይ ነበር። ባዶውን ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ቀባችው። ከአናጺው ቤት ጀርባ ካለው ዛፍ ሥር ግን አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ አስቀመጠች።

«ልጄ፣ እዚያ ጓሮ ማን ሊቀመጥ ነው? ድመት?» አሉ አሮጊቷ ጎረቤቴ።

«የሚቀመጥማ አይጠፋም፣ እማማ። ጥላው ለሁለት ሰው ይበቃል» አለች፣ የኮቱን እጅጌ እየዳበሰች።

በቅናት ተንገበገብኩ። ያን ጥላ ከእኔና በወጣትነቴ ትታኝ ከሄደችው ልጅ በቀር የሚያውቀው ያለ አይመስለኝም ነበር። ባለሙያዋን ከማን ጋር እንደተቀመጠችበት ልጠይቃት ሰው እስኪወጣ ስጠብቅ፣ ኮምፒውተሯን ዘግታ በጀርባው በር ሄደች።