ማርቆስ እንዲናገርላት

ቅዳሜ ጠዋት ብርሃነሽ ልብሷን አጣጥፋ ሻንጣዋን ዘግታለች። ባሏ ማርቆስ ሽማግሌ ይዞ ወደ ቡራዩ ሊመጣ ነው፤ ታርቃ አብራው ወደ ሰበታ ለመመለስ ልቧ ቆርጧል። ከሱቃቸው ጀርባ ያለችውን ክፍል ያከራዩዋት እማማ ራቢአ በር ላይ ቆመው ሻንጣውን አዩ።

"አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ? ሄድሽ በይኛ!"

"ናፈቀኝ፣ እማማ። ምን ላድርግ?"

"መናፈቅ ነውር አይደለም፣ ልጄ። ልብሽ ቀድሞሽ ይሂድ፤ አንቺ ግን ቆይተሽ እይ።"

እውነትም ናፍቋታል። ሰበታ ክር ፋብሪካ ስምንት ሰዓት ቆማ ስትመለስ ውሃ አሙቆ፣ ጨው በትኖበት እግሯን የሚያጥባት እሱ ነበር። ጣቶቿን አንድ በአንድ ይዞ፣ "ይቺ ትንሿ ዛሬ አኩርፋለች" ይላል። እሷም ትስቃለች። ከሆሳዕና አብረው ሲመጡ ከእሱ በቀር የሚያውቃት ሰው አልነበረም።

የፋብሪካው ሰርቪስ አስር ሰዓት ተኩል ላይ አስፋልት ዳር ያወርዳታል። ማርቆስ ደቂቃዋን ሳይቀር ያውቃል። አንድ ቀን የመኪናው ጎማ ፈንድቶ አርባ ደቂቃ ዘገየች።

"ከማን ጋር ነበርሽ?"

መልሷን አልጠበቀም። እጇን ጠምዝዞ አንጓዋን ሰበረው። ክሊኒክ ስትሄድ፣ "ጭቃ አዳልጦኝ ነው" አለች። ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌዎች አስታርቀዋቸዋል። "ምን በደለሽ?" ሲሏት የቤቷን ገበና ላለማውጣት፣ "ያው ክፉ ቃል ተለዋወጥን" ትል ነበር። ሽማግሌዎቹ የነገረቻቸውን አስታረቁ፤ ያልነገረቻቸው አብሯት ወደ ቤት ገባ። እጇ ከተሰበረ በኋላ ግን ሰበታን ትታ ቡራዩ ገባች።

አራት ሰዓት ላይ ጋሽ እዮብ፣ ያው ሁለቴ ያስታረቋቸው ሽማግሌ፣ ማርቆስን አስከትለው መጡ። ማርቆስ ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገትጌ ሰፍቶታል።

"የባልና ሚስት ጠብ ምን አዲስ ነገር አለው?" አሉ ጋሽ እዮብ ሳቅ እያሉ። "እኔንስ ባለቤቴ ስንቴ አባራኛለች! በይ እንግዲህ፣ ይቅር በይውና እንጸልይ።"

ማርቆስ ተንበረከከ። "ይቅር በይኝ፣ ብርሃኔ። ትንሽ ነገር ናት፣ ጋሼ። ሰይጣን በመሃል ገብቶብን ነው።"

አሜን ልትል አፏ ተከፍቶ ነበር። ትንሽ ነገር የሚለው ቃል ያዛት።

"ማርቆስ፣ ምን እንዳደረግህ አንተው ንገራቸው። እውነቱን ከነገርካቸው አሁኑኑ ተነሥቼ እከተልሃለሁ።"

ቃሏ ከልቧ ነበር። እንዲናገር እንደዚያ ቀን የተመኘችበት ጊዜ የለም። ዓይን ዓይኑን እያየች በሆዷ፣ በል እንጂ፣ በል፣ አለችው።

"ተናድጄ ነበር..." አለ።

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"አንቺም እኮ አምሽተሽ..."

ዓይኑን ከእሷ ወደ ሻንጣዋ መለሰ። ብርሃነሽ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ ተጣሞ የገጠመውን አንጓዋን ዘረጋች።

"ጋሼ፣ ይህን የሰበረው እሱ ነው። በፊት ሁለቴ ቃል ተለዋወጥን ያልኳችሁም ውሸት ነው። ይመታኝ ነበር።"

ጋሽ እዮብ እጇን አይተው አንገታቸውን ደፉ። ቆባቸውን አነሡና፣ "ሁለት ጊዜ መልሰን የሰደድንሽ እኛ ነን" አሉ። ያን ዕለት ሳይጸለይ ተነሥተው ቀድመው ወጡ።

ማርቆስ ታክሲ እስኪያገኝ መንገድ ዳር ቆመ። ብርሃነሽ ከሱቁ ደጃፍ ጀርባውን ታየዋለች። ብትጠራው እንደሚዞር ታውቃለች። ስሙ አፏ ላይ ነበር። ታክሲው ቆመ፤ እሱም ገባ፤ መታጠፊያው ጋ እስኪሰወር ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።