ያልወረደችው መስመር

ባለፈው ሳምንት ቢሮ ውስጥ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ለደንበኛ በስልክ ስትመልስ ሰማኋት። «አፕሊኬሽኑ ደህና ነው፤ ስልክዎ አሮጌ ሆኖ ነው።» የያዝኩትን ሻይ አስቀምጬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

እኔም ይህንኑ ብዬ አውቃለሁ። ኮምፒውተር ተምሬ መካነ ሰላም ወላጆቼ ቤት የተመለስኩበት ዓመት ነበር። ሥራ አልነበረኝም፤ ጉራ ግን ሞልቶኝ ነበር። ልጆቻቸው ዐረብ አገር ለሄዱባቸው፣ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች አንድ አፕሊኬሽን ሠራሁ። የልጅቷ ፎቶ ሲነካ የላከቻቸው ድምፆች ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ይሰማሉ።

ልጃቸው ዘሃራ ዐረብ አገር ያለችባቸው እትዬ ዘይነባ በከላላ መንገድ ካለች መንደር በገበያ ቀን ይመጡ ነበር። ክረምት ነው፤ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ጭቃውን ያቋርጡና በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የገብስ ቆሎ ይዘግኑልኛል።

«ልጄ፣ ዘሃራ ‹እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ› ትልና ድርግም ይልብኛል» አሉኝ።

«ስልክዎ አሮጌ ነው፣ እትዬ። እኔ ስልክ ላይ እኮ ይሠራል።»

ሦስት ገበያ ተመላለሱ፤ ሦስቴም ቆሏቸውን እየቆረጠምኩ ያንኑ መለስኩላቸው። ስልኩን ተቀብዬ እንኳ አላየሁትም። በአራተኛው ገበያ ሲመጡ መስከረም ጠብቶ ነበር። ደጃፋችን ላይ ተቀመጡና አለቀሱ። «ወላሂ፣ የቀረውን በሕልሜ ነው የምትጨርስልኝ» አሉ።

ያኔ ስልካቸውን በገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁና አፕሊኬሽኑ የሚይዘውን ሚሞሪ የሚለካውን ፕሮግራም ከፈትኩ። አንዲት ሰማያዊ መስመር ታየች። ድምፅ ሲከፈት ወጣች፤ ሲያልቅ መውረድ ነበረባት፤ አልወረደችም። ሁለተኛው ሲከፈት ከነበረችበት ላይ ወጣች። ተሰምቶ ያለቀውን ድምፅ ልቀቅ የሚለውን ትእዛዝ መጻፍ ረስቼ ኖሯል። የዘሃራ ድምፆች አንዱ ባንዱ ላይ ተከምረው ያንን ትንሽ ስልክ ሞሉት፤ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ስልኩ አፕሊኬሽኑን ይዘጋዋል። የእኔ ስልክ ሚሞሪው ሰፊ ስለሆነ ችሎት ነበር።

የጎደለውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ከአንድ መስመር አይበልጥም። ከዚያ አብረን አዳመጥን።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሴትዮዋ ትመታኛለች። የፊታችን ዓርብ ልጠፋ ነው። ለአጎቴ ንገሪው፤ እዚህ ያለችው ልጁ መስጊዱ በር ላይ ትጠብቀኝ። ሌላ ሰው የለኝም።»

የተላከበትን ቀን ሳየው ዓርቡ ካለፈ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። ለአጎቷ ልጅ ደወልን፤ «ማን ነገረኝ?» ብላ ጮኸች። የዘሃራ ስልክ አይነሳም። አሠሪዋ ቤት ሲጠየቅ ከወጣች ቆይታለች አሉ።

እትዬ ዘይነባ ትከሻዬን ያዙኝ። «አብሽር፣ ልጄ። አንተማ አሰማኸኝ። ይሄ ስልክ ነው ጉድ የሠራኝ።»

ጥፋቱ የእኔ ነው ልል ነበር። ስልካቸውን ከገመዱ ነቅዬ ሰጠኋቸው እንጂ አልነገርኳቸውም።

ዘሃራ ከዚያ ወዲህ የገባችበት አልታወቀም። ላለፈው አረፋ መካነ ሰላም ስሄድ እናቷ ገበያ መሃል አገኙኝ። ዓይናቸው ደክሟል። እጄን ይዘው «የልጄን ድምፅ ያሰማኝ ይህ ነው» እያሉ ለሰው አሳዩኝ፤ ዱዓም አደረጉልኝ። አሚን አልኩ። እውነቱን ብነግራቸው የሚቀልለው ለእኔ ነው እንጂ ለእሳቸው አይደለም ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ። ይህን ማለት ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ፤ ራሴ ግን እስካሁን አላመንኩትም።